ጥፍር የምታክል ምድጃ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ስማ እንጂ፣ ኩለር ልገዛ ነው… ባለ ውሃውን፣ ባለ ሦስት ፋኑን። ምን ትለኛለህ?» ልጁ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ከደሞዙ እየቆነጠረ ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅም የከረመ ነው። ፕሮሰሰሩን ገዝቷል፤ ራይዘን 5 7600። ካርቶኑ ውስጥ የፋብሪካው ፋን አብሮ መጥቶለታል። «እሱስ ምን ሆነ?» ስለው «እሱማ የሕፃን መጫወቻ ነው፣ ተወኝ ባክህ!» ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ለባለ ውሃው ኩለር የሚያወጣው ብር ከግራፊክስ ካርዱ በጀት ላይ የሚቀነስ ነው። ካርዱ አንድ ደረጃ ይወርዳል ማለት ነው።

«አትግዛ» ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን «ለምን?» ቢለኝ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ይኸው እዚህ ልጻፍለት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያላችሁ፣ ፕሮሰሰር ፋን የማያውቅበት ዘመን ነበር። ኢንቴል በ1985 ያወጣው 386 ማዘርቦርዱ ላይ ራቁቱን ይቀመጥ ነበር፤ ፋን የለ፣ ከላዩ የሚጫን ብረት የለ። በጣት ብትነኩት ለብ ያለ ነገር ነው። ሙቀት ያኔ የትላልቆቹ ማሽኖች ጣጣ ነበር። በ1946 ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ 18,000 ገደማ የመስታወት ቱቦዎች ይዞ 150 ኪሎ ዋት ይበላ ነበር። በ1976 የመጣው ክሬይ-1 ደግሞ ወደ 115 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ በሰውነቱ ውስጥ እንደ ፍሪጅ ፍሬዮን ይዘዋወርበት ነበር። የቤት ኮምፒውተር ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር።

ነፃነቱ ለምን እንደዚያ እንደቆየ በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ጽፈውታል። ፕሮሰሰር ማለት በሰከንድ እልፍ ጊዜ የሚበሩና የሚጠፉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ክምችት ነው። እያንዳንዷ ማብራት ትንሽ ኤሌክትሪክ ትበላለች፤ የተበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱን እጥፍ ካደረጋችሁ ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቴጁን እጥፍ ካደረጋችሁ ግን አራት እጥፍ! እነዴናርድ ያሳዩት፣ ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁንም አብሮ መቀነስ እንደሚቻል ነው። ስለዚህ በዚያችው ስፍራ ላይ ብዙ ትራንዚስተር ብትደረድሩም፣ ፍጥነት ብትጨምሩም፣ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ሙቀት እዚያው ገደማ ይቆያል። እንዲህ ያለ በረከት በምሕንድስና ውስጥ ብዙ አይገኝም። ሠላሳ ዓመት ተበላ።

በረከቱ ግን በሥርዓቱ ለተከተለው ነው። በ1993 የመጡት የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች በ60 እና በ66 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ ቮልቴጃቸው እንደ ድሮው 5 ስለነበር 15 ዋት ገደማ ያወጡ ነበር። ዛሬ ስታዩት ያስቃል። ግን ከዚያ ወዲህ አናቱ ላይ ብረትና ፋን የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እየጠፋ ሄደ።

ጌመሮች ወደ ታሪኩ የሚገቡት በ1998 ነው። ኢንቴል ለርካሽ ገበያ ሴለሮን 300ኤ የሚባል ፕሮሰሰር አወጣ፤ ስሙ እንደሚለው 300 ሜጋኸርዝ። የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲያሳድጉት ግን ያ የድሃ ፕሮሰሰር 450 ላይ ቁጭ! ብዙ እጥፍ ዋጋ ከሚጠየቅበት ፔንቲየም 2 ጋር በጌም ትከሻ ለትከሻ ይጋፋ ጀመር። ኦቨርክሎኪንግ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ሰፈር ውስጥ የገባው ግን በዚህ ዕቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩለር ፕሮሰሰር የሚያድን ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረና በትንሽ ብር ትልቅ ፍጥነት የሚያስገኝ ቁልፍ ሆነ። «ጥሩ ኩለር ግዛ» የሚለው ምክር የተወለደው እዚህ ነው። ያኔ እውነትም ነበር።

ከዚያ እብደቱ መጣ። በማርች 2000 ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርዝ ደረስኩ አለ፤ በሁለተኛው ቀን ኢንቴልም እኔም አለ። ካርቶን ላይ የምትጻፈው ቁጥር የክብር ጉዳይ ሆነች። የኤኤምዲ አትሎን 1.4 ጊጋኸርዝ በ2001 ሲወጣ እስከ 72 ዋት ያወጣ ነበር፤ የሲሊከኑ ጀርባ ምንም ብረት ሳይሸፍነው ራቁቱን ወጥቶ ይታያል። ኩለሩ የሚገጠመው የብረት መንጠቆውን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ እየተጫኑ ነው። ካቻቪቴው ከተንሸራተተ ማዘርቦርዱ ይጫራል፤ ኩለሩ ካጋደለ የሲሊከኑ ጠርዝ ይሸረፋል። ስንቱ ገና ሳያበራው ገደለው!

የዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ አንድ ቪዲዮ አወጣ። ኮምፒውተሩ ጌም እያሠራ ሳለ ኩለሩን ከነፋኑ ከፕሮሰሰሩ ላይ አነሡት። አትሎኑ ጢስ ብሎ ወዲያው ሞተ። ፔንቲየም 3 ደርቆ ቆመ፣ ግን አልተቃጠለም። ፔንቲየም 4 ደግሞ… አልቆመም። ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ ጌሙን እየተንቀረፈፈ ቀጠለ። ኩለሩ ሲመለስለት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ።

ያን ቪዲዮ ያየ ሁሉ የአትሎኑን ጢስ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ግን የፔንቲየም 4 መንቀርፈፍ የበለጠ ታሪካዊ ነው ባይ ነኝ፤ በራሳችን ቤት ደርሶብናላ።

2006 አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከስንት ልመና በኋላ ያስገዛው ፔንቲየም 4 ነበረን፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ከጀርባው ቆሞ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሲጫወት ማየት ነው። መጀመሪያ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ጌም ዓመት ሳይሞላው አሥር ደቂቃ ሄዶ እንደ ስላይድ መጎተት ጀመረ። ሰፈር ወዳለ ጠጋኝ ተወሰደ። «ቫይረስ ነው» ተባለ። ፎርማት ተደረገ፣ ተከፈለ። ሳምንት ቆይቶ ያው። እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ክፍያ። ሦስተኛው ላይ የወንድሜ የትምህርት ቤት ፎቶዎች በሙሉ አብረው ጠፉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። በመጨረሻ የአጎታችን ልጅ ለክረምት መጥቶ ኬዙን ከፈተና ፋኑን አነሣው። ከሥሩ የተገኘው እንደ ጥጥ የተነደፈ አቧራ ነበር። በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ጠረገው፤ ጌሙም ዳነ።

ፕሮሰሰሩ ሙቀት በዝቶበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነበር፤ ማንም ሳይሰማው። አትሎን ቢሆን ኖሮ ሞቶ ይነግረን ነበር። አንዱ ባሕርይ ሁለት ፊት አለው። ከ2001 ወዲህ ፕሮሰሰር በሙቀት ተቃጥሎ መሞቱ ብርቅ እየሆነ ሄደ፤ ስለዚህ ኩለር የምንገዛው ፕሮሰሰሩ እንዳይሞት አይደለም። የምንገዛው እንዳይንቀረፈፍና እንዳይጮህ ነው። ሻጭ ግን ዛሬም የሚያስፈራራን በጢሱ ነው።

ወደ ትልቁ ታሪክ ልመለስ። በፌብሩዋሪ 2001 የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በአንድ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ በዚሁ ከቀጠልን ከፕሮሰሰር ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ሙቀት በ2005 የኒውክሌር ማብላያን፣ በ2010 የሮኬት አፍን፣ በ2015 የፀሐይን ገጽ ያክላል ብለው አስጠነቀቁ። ያው ኩባንያ ግን ፔንቲየም 4ን ለቁጥር ብሎ ነበር የሠራው፤ አንድ ቀን 10 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ይባልለት ነበር። በ2004 ፕሬስኮት የተባለው ትውልድ መጣ። ትራንዚስተሮቹ ከቀደመው ያነሱ ናቸው፤ እንደ ወትሮው ሙቀቱም ይቀንሳል ተብሎ ተጠበቀ። ጨመረ! ትራንዚስተሩ በጣም ከማነሱ የተነሣ ጠፍቶ እንኳ ኤሌክትሪክ ያፈስ ጀምሮ ነበር። ቮልቴጁን ከዚያ በላይ መቀነስ አልተቻለም። የእነዴናርድ በረከት እዚህ ላይ አለቀ።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስፋቱ ወደ 2,700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1.3 ዋት። ፕሬስኮት 103 ዋት ያወጣል፤ የሲሊከኑ ስፋት ግን 1.12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ሲካፈል 92 ዋት! ከምጣድ ስልሳ እጥፍ በላይ። ምጣዱ የሚግለው ሙቀቱን የሚወስድለት ስለሌለ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የማይግለው ከላዩ ተቀምጦ ሳያቋርጥ የሚሸከምለት ስላለ ነው። ኩለር ማለት ተሸካሚ ነው።

በ2004 ማብቂያ ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ያለውን ሰረዘ። የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በኦክቶበር አንድ መድረክ ላይ፣ በቀልድ መልክ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ቀልድም ቢሆን የተንበረከኩት ለሙቀት ነው።

መፍትሔው የመጣው ትልቅ ኩለር ከሠሩት አይደለም፤ ለኩለር ቦታ ከሌላቸው ነው። እስራኤል፣ ሃይፋ ያለው የኢንቴል ቡድን ለላፕቶፕ የሚሆን፣ በዝቅተኛ ፍጥነት በእያንዳንዷ ምት ብዙ ሥራ የሚሠራ ፕሮሰሰር በ2003 አውጥቶ ነበር። ያው አስተሳሰብ አድጎ በ2006 ኮር 2 ዱዎ ሆነ። 65 ዋት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፤ ከ3.8 ጊጋኸርዙ ፔንቲየም 4 በጌም ቀደመ። ካርቶን ላይ ያለችው ቁጥር ውሸታም መሆኗ የታወቀው ያን ዓመት ነው። (ዛሬም የሚያምኗት አሉ፤ ስም አልጠራም።)

ኩለር ሠሪዎቹስ? እነሱ በእብደቱ ዘመን ብዙ ተምረዋል። መጀመሪያ ላይ መላው ጩኸት ነበር፤ 60 ሚሊ ሜትር ፋን በደቂቃ 7,000 ጊዜ እየተሽከረከረ፣ ክፍል ውስጥ ፀጉር ማድረቂያ የተረሳ ይመስላችኋል። ከዚያ 120 ሚሊ ሜትር ፋን መጣ። ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ ዞሮም ብዙ አየር ይገፋል። ትልቁ እርምጃ ግን ሂት ፓይፕ ነው፤ ኩለሩ ጎን ላይ የምታዩአቸው የመዳብ ቱቦዎች። በ1963 ጆርጅ ግሮቨር በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሠሩት ለጠፈር ነበር። ቱቦው አየር የወጣለትና የታሸገ ነው፤ ውስጡ ጥቂት ውሃ አለች። ፕሮሰሰሩ ጋ ያለችው ውሃ ትተናለች፣ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፣ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳማ ሽፋን ተስቦ ይመለሳል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ላይ የምታዩት ላብ ማለት ነው። ያለ ሞተር፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ድምፅ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ፣ የታይዋኑ ተርማልራይትና ሌሎቹ ዝናቸውን የገነቡት በዚህ ቱቦ ላይ ነው።

ወዳጄ የወደደው ባለ ውሃው ዘሩ ሌላ ነው። አፕል በጁን 2004 ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 ውስጥ ፈሳሽ አስገብቶ ሸጠ፤ ዓመታት ሲያልፉ ማፍሰስ የጀመሩ ነበሩ። ታሽጎ፣ ተሞልቶ የሚመጣውን ዓይነት በጌመሩ ዘንድ ያስለመደው የዴንማርኩ አሴቴክ ነው፤ በ2009 ኮርሴር ኤች50 ተብሎ የወጣው በእነሱ ቴክኖሎጂ የተሠራ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ውሃው ሙቀት አያጠፋም። ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ለራዲያተሩ ያስረክባል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው አየርና ፋን ነው። ጥቅሙ ራዲያተሩ ሰፊ መሆኑ ነው። 250 ዋት ለሚያወጣ ፕሮሰሰር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ግን ፓምፕ ትገዛላችሁ፤ ፓምፕ ደግሞ ያረጃል። ዋስትናው አምስትም ስድስትም ዓመት ይሁን፣ ዕቃውን መልሶ ባሕር ማሻገሩ ለአዲስ አበባ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

250 ዋት የሚያወጣው ማነው? ቁጥሯ ስለተመለሰች ነው! በ2022 ኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬን እስከ 5.8 ጊጋኸርዝ ሲያደርሰው ከፍተኛው ፍጆታ 253 ዋት ተብሎ ተጻፈ፤ «125 ዋት» የምትለዋ የመነሻዋ ናት። ዋት ስታነቡ ትልቋን አንብቡ።

በዚያው 2022 ኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን አወጣ። ከተራው ወንድሙ በፍጥነት ያንሳል፤ 4.7 የነበረው 4.5 ጊጋኸርዝ ሆነ። የተጨመረለት ሲሊከኑ ላይ የተደረበ ማስታወሻ ነው፤ 32 የነበረው 96 ሜጋባይት ሆነ። በጌም ግን ወንድሙን ጥሎት ሄደ። ምክንያቱም ጌም ሲሠራ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያባክነው መረጃ ከራም እስኪመጣ በመጠበቅ ነው፤ መረጃው ቅርብ ከተቀመጠለት መጠበቁ ይቀንሳል። ተከታዩ 7800ኤክስ3ዲ በ2023 መጣ። የተጻፈለት 120 ዋት ነው፤ በጌም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይወስዳል፤ ሆኖም እነዚያን ባለ 250 ዋቶች ይገዳደራል፣ በብዙ ጌምም ይቀድማል። ጌም ያን ሁሉ ሙቀት ጠይቆ አያውቅም። የጠየቀችው ካርቶኗ ላይ ያለችው ቁጥር ናት።

አሁን ወደ ወንድሜ ስልክ። ራይዘን 5 7600 ላይ የተጻፈው 65 ዋት ነው፤ ትልቋ ቁጥር 88። ጌም እዚያም አያደርሰውም። ለ88 ዋት ሦስት ፋን ያለው ራዲያተር መግዛት ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ኤንትሬ መከራየት ነው። የፋብሪካው ፋን ይጮህ ይሆናል እንጂ ያጫውታል። ጩኸቱ ካስመረረ አራት ሂት ፓይፕና አንድ 120 ፋን ያለው ተራ ቆሞ የሚገጠም ኩለር ይበቃል። ቴርሞሜትሩ 90 ቢል አትደንግጥ፤ ኤኤምዲ ይህን ትውልድ እስከ 95 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጎ ነው ያወጣው። ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚያድር፣ ባለ 16 ኮር የገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ባለ ውሃውን ራሴ አመላክተው ነበር።

የፈረንጅ ግምገማ ስታነብ የምትረሳት አንዲት ነገር አለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ለባለ ውሃውም ያው ነው፣ ራዲያተሩ አየሩን ይጠብቃል። ደግነቱ የክፍላችን አየር ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ዕዳውን ያቻችለዋል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል።

ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር ለካ። አንደኛ ቁመት፤ የኖክቱዋው ኤንኤች-ዲ15 ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስንቱ ኬዝ ክዳኑ አልዘጋ ብሎታል። ሁለተኛ ቀዳዳ፤ ኢንቴል በ2021 የመግጠሚያ ቀዳዳዎቹን ርቀት ከ75 ወደ 78 ሚሊ ሜትር ስለቀየረ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ኩለር ለአዲሱ ሌላ ማሰሪያ ይፈልጋል። ሻጩ «ይገጥማል፣ ይገጥማል» ሲል ማሰሪያውን አውጥቶ ያሳይህ። አቧራውን ደግሞ… የእኛን ቤት ታሪክ አንብበሃል፤ ብሩሽ ግዛ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መልእክት ላከልኝ። ግራፊክስ ካርዱን ገዝቷል፣ ትልቁን። ኩለሩን «ለአንድ ወር በመጫወቻው ልሞክረው» ብሏል፤ መብራት የሚያበሩት ሦስት ፋኖች ግን ከልቡ አልወጡም፣ ፎቷቸውን ደግሞ ላከልኝ።

የወንድሜ የፔንቲየም 4 ኩለር እስካሁን ቤት አለ። መሐሉ መዳብ፣ ዙሪያው አሉሚኒየም፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እናቴ የጓሮ በር ነፋስ እንዳይዘጋው ታስደግፍበታለች።